ካርቶኑን ሳይሆን ቺፑን ጠይቁ፦ አምራቹ ለረሳው ዕቃ ድራይቨር አሠራር

ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን ያላቸው አንድ ሰው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ባለፈው ክረምት ዲጂታል ሚዛን ገዙ፣ ከነደንበኛ ማሳያው። ካርቶኑ ላይ «ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ውስጡ የልጅ መዳፍ የምታክል ሲዲ አለች። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን ሊኑክስ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሚዛኑ እምቢ ሲል የተጠራሁትም እኔው ነኝ።

ሻጩ ጋ ደወልን። «እሱን የሚያውቀው ልጅ ለቋል» አሉን። ለአምራቹ ኢሜይል ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እባክዎ ሲዲው ላይ ያለውን ድራይቨር ይጫኑ» የሚል መልስ መጣ። ድራይቨር ማለት ዕቃውንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። አልሠራ ያለው እኮ ሲዲው ላይ ያለው ነው! ሐጂ ግን አልተደናገጡም። «አብሽር ልጄ፣ ብረት ነው እንጂ ጂን አይደለም፤ ይፈታል» አሉኝ።

ተፈታ። ግን ከፈተናው ሌላ አራት ቀን ፈጀ። ሦስቱ ቀን የባከነው ካርቶኑንና ሲዲውን አምኜ ስደክም ነው። ይህን የምጽፈው እናንተ በአንድ ቀን እንድትጨርሱት ነው። ሊኑክስ የሚያውቅ፣ ሲ ቋንቋ የሚያነብ፣ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሞጁል አንዴ እንኳ ኮምፓይል ያደረገ ሰው ይከተለኛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ልጆች ደግሞ በደንብ ትከተሉኛላችሁ።

የትእዛዞቹን ስም እንደሚጠሩት በፊደላችን ነው የምጽፈው። ተርሚናል ላይ ስትጽፉ በላቲን መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የከርነሉን ምንጭ ኮድ አውርዳችሁ አስቀምጡ። የታመቀው ፋይል 130 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሌሊት ላይ አውርዱት። ኔትወርክ ሲጠፋ ከማንም ሳትለምኑ መልሱን የምትፈልጉት እዚያ ውስጥ ነው። ለኔ ከየትኛውም የመማሪያ ቪዲዮ ይበልጥብኛል።

የሰው ኮምፒውተር ላይ አትሞክሩ። የከርነል ድራይቨር ሲሳሳት ማሽኑን በሙሉ ይዞ ነው የሚወድቀው። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ባትሪው ግማሽ ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ከዴስክቶፕ ይሻላል፣ መብራት ሲጠፋ ሥራችሁ አይቋረጥም። ማሽኑ ደርቆ ሲቀር የመጨረሻው መልእክት እንዳያመልጣችሁ ኔትኮንሶል የሚባለውን ሞጁል ጫኑ። የከርነሉን ሎግ በኔትወርክ ገመድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይልክላችኋል።

ደብተርም ያዙ። የወረቀት ደብተር። ምን እንደሰካችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደታየ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላት አይታመንም።

1. ዕቃውን ራሱን ጠይቁት

ዕቃውን ከመሰካታችሁ በፊት የከርነሉን መልእክት የሚያሳየውን ዲሜሴጅን በመከታተያ ሁኔታ አስነሱት። ከዚያ ሰኩ። የሚወጣውን አንብቡ። ዩኤስቢ ከሆነ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ የአምራች ቁጥርና የምርት ቁጥር። የዕቃው መታወቂያ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ቅጽል ስም ነው። ማዘርቦርድ ላይ ለተሰካ ካርድ ደግሞ ኤልኤስፒሲአይን ቁጥር በሚያሳይ አማራጭ አስኪዱት።

የሐጂን ሚዛን ስሰካ 1ኤ86:7523 መጣ። ይህ ሲኤች340 የሚባለው የቻይና ቺፕ ነው። የድሮውን የሲሪያል ገመድ ወደ ዩኤስቢ ይቀይራል። ርካሽ አርዱዊኖ ገዝታችሁ ከሆነ አይታችሁታል። ሊኑክስ ሲኤች341 በሚል ስም ድራይቨሩን ከነምንጩ ይዟል። ስለዚህ ሲዲው ለሚዛኑ ጨርሶ አላስፈለገም ነበር። እኔ ግን ይህን ሳላይ ከሲዲው ጋር አንድ ቀን ሙሉ ስታገል ዋልኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሎጉ ላይ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ0 ላይ ተያይዟል» የሚል መስመር መጣ። ደስ አለኝ። ደስታዬ አንድ ሰከንድ አልቆየም። ወዲያው «ተለያይቷል» የሚል ተከተለው። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ያው። ገመዱን ቀየርኩ። ያው። ፎርጅድ ቺፕ ነው ብዬ አምራቹን እየረገምኩ ሳለ በሁለቱ መስመሮች መሀል ያለችውን ሦስተኛ መስመር አየኋት። ብርልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም ዕቃውን እንደያዘው ትናገራለች።

ብርልቲቲዋይ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ታዲያ ሚዛን ምን አገናኘው? ሲኤች340ን የሚጠቀሙ ብዙ ምርት አምራቾች የራሳቸውን ቁጥር አያወጡም። ቺፑ ይዞት የመጣውን ቁጥር እንዳለ ይተውታል። አንድ የብሬይል መሣሪያም በዚያው ቁጥር ወጥቷል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ብርልቲቲዋይ ቁጥሩን ሲያይ ብሬይል መጣ ብሎ ይወስደዋል። ሚዛኑም ንጹሕ፣ ድራይቨሩም ንጹሕ። ጥፋቱ የመታወቂያ መመሳሰል ነው።

ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ከነጭራሹ አጥፉት ይላል። እኔ አልስማማም። ኮምፒውተሩን ነገ ዓይነ ስውር ሰው ቢጠቀምበትስ? የዩዴቭ (ዕቃ ሲሰካ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ክፍል) ደንቡን ፋይል በዚያው ስሙ ኢቲሲ ሥር ወዳለው የደንቦች ማህደር ቅዱ። ቅጂው ውስጥ ያቺን አንድ መስመር ብቻ በመሰላል ምልክት ዝጉ። ኢቲሲ ውስጥ ያለው ስለሚቀድም ሲስተሙ ሲታደስም አይጠፋባችሁም።

በነገራችን ላይ፣ ሞደም ማናጀርም ተመሳሳይ አመል አለው። የሲሪያል ወደብ ሲያይ ሞደም እንዳይሆን ብሎ ትእዛዝ ሊልክበት ይችላል። ሚዛኑ ያልጠየቃችሁትን ነገር ከመለሰ እሱንም ጠርጥሩ።

2. ከርነሉ አስቀድሞ ያውቀው እንደሆነ እዩ

መታወቂያ ቁጥሩን ይዛችሁ የከርነሉ ምንጭ ውስጥ በግሬፕ ፈልጉ። ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ። ካልተገኘ የቅርብ ዘመዱን ፈልጉ፣ ያንኑ ቺፕ በሌላ ቁጥር የሚያውቅ ድራይቨር። ካገኛችሁ ኮድ ሳትነኩ መሞከር ትችላላችሁ። ሲስ በሚባለው የፋይል ዛፍ ውስጥ እያንዳንዱ የዩኤስቢ ድራይቨር «ኒው አይዲ» የሚል ፋይል አለው። ቁጥሩን እዚያ ጻፉበት፣ ድራይቨሩ ዕቃውን ይሞክረዋል። ከሠራ ለከርነሉ የምትልኩት ለውጥ አንድ መስመር ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ያው ካርቶን፣ ያው ስም፣ ውስጡ ሌላ ቺፕ። የታወቀው ምሳሌ የቲፒሊንክ ደብልዩኤን722ኤን ዋይፋይ ነው። የመጀመሪያው እትም የአቴሮስ ቺፕ ነበረው፣ ሁለተኛው ሪልቴክ ሆነ። «ጓደኛዬ ጋ ይሠራል» የሚለው ቃል ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም። የጓደኛችሁንም ቁጥር ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ ራሱን ሲዲ የሚያስመስለው ነው። አንዳንድ የዋይፋይና የሞደም ዶንግል መጀመሪያ ሲሰካ የዊንዶውስ ድራይቨሩን የያዘ ሲዲ ሆኖ ይቀርባል። ሪልቴኮቹ ብዙ ጊዜ 0ቢዲኤ:1ኤ2ቢ ብለው ይመጣሉ። ይህን ካያችሁ ድራይቨር መጻፍ አትጀምሩ። ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው መሣሪያ ይቀይረዋል፣ ከዚያ እውነተኛው ቁጥር ይወጣል።

3. የአምራቹን ኮድ አንብቡት እንጂ አትመኑት

የሐጂ ደንበኛ ማሳያ ግን ሌላ ጉድ ነበር። ክብደቱን ለገዢው በትልቁ የሚያሳየው ሳጥን ማለቴ ነው። ቁጥሩ ከርነሉ ውስጥ የለም። ዓይነቱን ሲጠየቅ «የአምራቹ የግል» ይላል፣ ማለትም የታወቀ መደብ ውስጥ አይገባም። ሲዲው ላይ «ሊኑክስ» የሚል ማህደር አለ። ከፈትኩት። ለ2.6.32 ከርነል የተጻፈ ኮድ። ያ ከርነል በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የኔ ማሽን 5.15 ነበር።

እንዲህ ያለ ኮድ ሲገጥማችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ። እስኪሠራ መጠጋገን፣ ወይም እንደ ሰነድ ማንበብ። እኔ መጀመሪያ ጠገንኩ፣ ተሳሳትኩ። ግን ጥገናው ራሱ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ መንገዱን ላሳያችሁ።

ኮምፓይል አድርጉና የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ ተመልከቱ። የከርነሉ ውስጣዊ አጠራር በየጊዜው ስለሚቀየር ስህተቶቹ የታወቁ ናቸው። ኢኒት ታይመር አይታወቅም ካላችሁ፣ 4.15 ላይ ጠፍቷል፤ ታይመር ሴትአፕን ተጠቀሙ። አክሰስ ኦኬ ሦስት ነገር ተሰጠኝ ብሎ ካለቀሰ፣ ከ5.0 ጀምሮ ሁለት ብቻ ነው የሚቀበለው። ፕሮክ ላይ ፋይል የሚከፍተው ክፍል ካልተስማማ፣ 5.6 ላይ ፕሮክ ኦፕስ የሚባል የራሱ መዋቅር ወጥቶለታል። ክላስ ክሪኤት ላይ ከተጣላችሁ፣ 6.4 ላይ የመጀመሪያው ግቤት ተነሥቷል። ሌላ ካጋጠማችሁ የከርነሉን የጊት ታሪክ (የለውጥ መዝገብ) በዚያ ስም ፈልጉ። የቀየረው ሰው ለምን እንደቀየረና በምን እንደተካ እዚያው ጽፎታል።

ማስተካከያዎቹን በየፋይሉ አትበትኑ። አንድ የማጣጣሚያ ሄደር ፋይል ሥሩና የከርነል ቁጥር እየጠየቀ የሚመርጠውን ሁሉ እዚያ አስገቡ። ሥራው ሲያልቅ በዲኬኤምኤስ መዝግቡት። አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ራሱ ኮምፓይል ያደርገዋል። አለዚያ ኮምፒውተሩ ራሱን ባደሰ ማግሥት ጠዋት ላይ ስልክ ይደወልላችኋል። ሴኪዩር ቡት ከበራ ደግሞ ያልተፈረመ ሞጁል አይጫንም። ቁልፍ አውጥታችሁ በሞክዩቲል አስመዝግቡ።

የማሳያው ኮድ በመጨረሻ ኮምፓይል ሆነ። ጫንኩት። ሎጉ ላይ «የማስተላለፊያው ቋት ስታክ ላይ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ማሳያውም ዝም አለ። ምን ማለት መሰላችሁ? ለዩኤስቢ የሚላክ መረጃ በኬማሎክ በተያዘ ማህደረ ትውስታ ላይ መቀመጥ አለበት። የኮዱ ጸሐፊ ግን ፈንክሽኑ ውስጥ ባወጀው ተራ አሬይ፣ ማለትም ፈንክሽኑ በጊዜያዊነት በሚጠቀምበት ስታክ ላይ ባለ መረጃ ነው የላከው። ድሮ በዕድል ይሠራ ነበር። ከ4.9 ወዲህ የከርነሉ ስታክ አቀማመጥ ስለተቀየረ ዕድሉ አለቀ። አንድ ቦታ አስተካከልኩ። ሌላ አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁ። ያኔ ነው ኮዱን የዘጋሁት።

ከዘጋሁት ኮድ ግን አንድ ገጽ ወሰድኩ። የትእዛዝ ቁጥሮቹ ዝርዝር። መብራት ማብሪያው ስንት እንደሆነ፣ አሃዝ መላኪያው ስንት እንደሆነ። መጥፎ የአምራች ኮድ ጥሩ ሰነድ ሊሆን ይችላል።

4. የዊንዶውሱን ጨዋታ አዳምጡ

ዝርዝሩ ቁጥሩን ሰጠኝ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አልሰጠኝም። አምራቹ ሰነድ ካልሰጠ፣ የሚሠራውን ድራይቨር ሲሠራ መቅዳት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሊኑክሱ ላይ ኬቪኤም (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያሠራ) ጫኑ፣ ውስጡ ዊንዶውስ። ዕቃውን ወደ ዊንዶውሱ አሳልፉ። የዩኤስቢን ንግግር የሚያዳምጠውን ዩኤስቢሞንን በሞድፕሮብ ጫኑ። ዋየርሻርክን ክፈቱና ዕቃው ያለበትን የዩኤስቢ መስመር ምረጡ። አሁን ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገረው ሁሉ በሊኑክሱ በኩል ስለሚያልፍ ይታያችኋል።

ትልቁ ብልሃት፦ በአንድ ቅጂ አንድ ድርጊት ብቻ። እኔ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሙሉ ቀዳሁ፣ ሺህ ፓኬት መጣ፣ ምኑም አልተገለጠልኝም። ቆይቼ ማሳያው ላይ 1 ብቻ እንዲጻፍ አድርጌ ቀዳሁ። ቀጥሎ 2 ብቻ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የተለየውን ባይት ፈለግሁ። ሁለት ባይት ብቻ ተለያየ። አንደኛው አሃዙ ነው፣ ሌላኛው የመጨረሻው ባይት። 3 ስሞክር ሁለቱም በአንድ ጨመሩ። የመጨረሻው ባይት የሁሉም ድምር፣ የማረጋገጫ ቁጥር ማለት ነው። ሐጂ ከጎኔ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። «ይህማ የነጋዴ ሒሳብ ነው፣ ከታች ድምር» አሉ። ልክ ናቸው።

ዕቃው ሲነሣ የሚላከውን ለብቻው ቅዱት። መንቀልና መሰካት፣ ሌላ ምንም። አብዛኛው ሰው የሚያመልጠው ይህ ነው። ብዙ ዕቃ መጀመሪያ የሚነገረው የማንቂያ ቃል አለው፣ ያንን ካልሰማ ቀሪውን ሁሉ ተቀብሎ ዝም ይላል። በሁለቱ ትእዛዞች መሀል ያለውን ጊዜም ጻፉ። የዊንዶውሱ ድራይቨር 50 ሚሊሰከንድ ከጠበቀ ምክንያት ይኖረዋል።

5. መጀመሪያ ከከርነል ውጭ ሞክሩ

ቀጥታ ወደ ከርነል አትግቡ። ዩኤስቢን ከተራ ፕሮግራም የሚያናግረውን ሊብዩኤስቢን በፓይተን ተጠቅማችሁ የቀዳችሁትን ድገሙ። ስህተት ብትሠሩ ፕሮግራሙ ይሞታል እንጂ ማሽኑ አይሞትም። ደግሞ በየሙከራው ሞጁል ማውጣትና ማስገባት የለም።

የሐጂ ማሳያ እዚሁ ላይ አለቀ። ሰማንያ መስመር ገደማ ፓይተን። ከርነል ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። የሚጠቀመው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ፍጥነትም አይፈልግም። ከርነል የሚያስፈልገው ሌሎች ፕሮግራሞች እንደ ኔትወርክ፣ እንደ ዲስክ ወይም እንደ ድምፅ በተለመደው መንገድ እንዲያዩት ሲፈለግ፣ ወይም ዕቃው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን የሚጠራ ምልክት) የሚልክ ሲሆን ነው። «የከርነል ድራይቨር ጻፍኩ» ማለት እንደሚያምር አውቃለሁ። ጥገናው ግን ዕድሜ ልክ ነው።

6. ከርነል ውስጥ ከገባችሁ፣ ዕቃው ይዋሻል ብላችሁ ጻፉ

ከዕቃው የመጣውን ርዝመት ሁልጊዜ ለኩ። ስምንት ባይት ጠይቃችሁ ሦስት ሊመልስ ይችላል። ዩኤስቢ ኮንትሮል ሜሴጅ የሚባለው ፈንክሽን ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፣ ሦስት ብሎ ይመልሳል። አሉታዊ ቁጥር ብቻ ከፈተሻችሁ ቀሪዎቹ አምስት ባይቶች የማህደረ ትውስታ ቆሻሻ ናቸው፣ እናንተ ግን የዕቃው መልስ ይመስሏችኋል። ከ5.10 ጀምሮ «ሪሲቭ» የሚል ቅጥያ ያለው አዲስ ፈንክሽን አለ። እሱ ጎደሎ መልስን ስህተት ይላል። ስታክ ላይ ያለ ቋትም ይቀበላል፣ ራሱ ገልብጦ ስለሚልክ። አዲስ ኮድ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ።

ገደብ የሌለው ጥበቃ አትጻፉ። «ዝግጁ የሚለው ቢት እስኪበራ ዙር» የሚል ኮድ የአምራች ድራይቨሮች ውስጥ ሞልቷል። ቢቱ ባይበራስ? ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። ሪድ ፖል ታይምአውት የሚባለው ማክሮ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሰነዱ 10 ሚሊሰከንድ ካለ እኔ 100 እሰጠዋለሁ፣ ከ10 ሲያልፍ ግን ሎግ ላይ እጽፋለሁ። ቀስ በቀስ እየዘገየ የሚሄድ ዕቃ ከመሞቱ በፊት የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ፒሲአይ ካርድ ላይ ሬጂስተር (የዕቃውን ሁኔታ የሚይዝ ትንሽ ቦታ) ስታነቡ ሁሉም ቢት አንድ ሆኖ ከመጣ፣ ያ ብዙውን ጊዜ መልስ አይደለም። ካርዱ የለም ወይም ተኝቷል ማለት ነው። ይህን ሳይፈትሽ «ሁሉም ባንዲራ በርቷል» ብሎ የሚቀጥል ድራይቨር አይቻለሁ። የዚያን ዕለት የሆነውን አልነግራችሁም።

አሁን ዋናው። የዕቃውን አመሎች በኮዱ ውስጥ አትበትኗቸው። አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ፦ መታወቂያ፣ እትም፣ አመል። ድራይቨሩ ሲነሣ ዕቃውን ያይና ከሰንጠረዡ አመሉን ያወጣል። ቀሪው ኮድ «ይህ አመል አለው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ከርነሉ ራሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። የብሉቱዙን ድራይቨር ክፈቱ። የሲኤስአር ኩባንያ ቺፕ ነኝ እያሉ 0ኤ12:0001 በሚል ቁጥር የሚመጡ ፎርጅድ ዶንግሎች ዓለምን ሞልተውታል። ድራይቨሩ ዕቃው የሚናገራቸውን የእትም ቁጥሮች እርስ በርስ ያስተያያል። ካልተጣጣሙ ፎርጅድ ነው ይልና የማይችላቸውን ትእዛዞች ሳይልክ ያሠራዋል። አይጥለውም።

የሲኤች341 ድራይቨር ደግሞ ከዚያም ያምራል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰንጠረዥ እንኳ ሳይይዝ ቺፑን በቀጥታ ይጠይቃል። የብሬክ ምልክትን (የሲሪያል መስመሩን ለአፍታ ይዞ ማቆየት) የሚመለከተውን ሬጂስተር ያነባል። ቺፑ እምቢ ካለ ጎደሎው ዓይነት መሆኑን ያውቃል፣ ብሬኩን በሌላ መንገድ ያስመስላል። ከቻላችሁ ሁልጊዜ ይህን ምረጡ። ጠይቆ ማወቅ ከስም ዝርዝር ይበልጣል፣ ነገ በሌላ ስም ለሚመጣውም ያገለግላል።

ፎርጅድን መቅጣት የድራይቨር ሥራ አይደለም። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ የዊንዶውስ ድራይቨር የተኮረጁ ቺፖችን የምርት ቁጥር ዜሮ እያደረገ ከጥቅም ውጭ አድርጓቸው ነበር። ጩኸት ተነሣና ድራይቨሩ ከስርጭት ወጣ። ሊኑክስ ብዙም ሳይቆይ ዜሮ ቁጥር ያላቸውንም እንዲቀበል ተደረገ። ደሴ ፒያሳ ላይ ገመድ የሚገዛ ሰው ቺፑ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ያውቃል?

ዳግም ማስነሣትን በደረጃ አድርጉት። ትእዛዙ ካልሠራ ሦስት ጊዜ ድገሙ። ካልሆነ የዩኤስቢ ወደቡን ሪሴት አድርጉ። ካልሆነ በግልጽ ስህተት መልሱና አቁሙ። ማለቂያ የሌለው ሪሴት ሎጉን ሞልቶ እውነተኛውን ምክንያት ይቀብረዋል። ድራይቨሩ ሲነሣም የፈርምዌሩን (ዕቃው ውስጥ ያለው ፕሮግራም) እትም አንዴ ሎግ ላይ ይጻፍ። ደንበኛ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ነው።

ኮድ ሳትቀይሩ መሞከር የምትችሉትም አለ። ዕቃው ከእንቅልፍ ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ የኃይል ቁጠባውን ዝጉበት። ዩኤስቢኮር የሚባለው ሞጁል በቡት መስመር ላይ የአመል ፊደላት ይቀበላል። ኬ የዩኤስቢ መስመሩን የኃይል ቁጠባ ይዘጋል፣ ጂ ደግሞ ዕቃው ሲነሣ ትንሽ እንዲጠበቅለት ያደርጋል። የውጭ ሃርድ ዲስክ እየተቋረጠ ካስቸገረ ዩኤስቢ ስቶሬጅ ላይ ዩ የሚለው ፊደል ፈጣኑን መንገድ ትቶ አሮጌውን ያስይዘዋል። በፊደሉ ከተፈታ አመሉን አወቃችሁት፣ ኮዱን ያኔ ጻፉ።

7. ዕቃው በሚኖርበት ቦታ ፈትኑት

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ማሳያውን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቀን አሠራሁት፣ አንዴም አልተቋረጠ። የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ መጋዘኑ ውስጥ ስሰካው በየአሥር ደቂቃው ይጠፋል። ሙቀቱ ነው አልኩ። የኮምቦልቻ ከሰዓት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእህል ብናኝ። ማራገቢያ አስመጣሁ። ምንም።

ኋላ ገመዱን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ሚዛኑና ማሳያው ከበሩ አጠገብ ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ። አንድ ልጅ ሦስት ማራዘሚያ ቀጣጥሎበታል። ስምንት ሜትር። ዩኤስቢ 2.0 ገመዱን ከአምስት ሜትር በላይ አይፈቅድም። ማሳያውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋነው። ሚዛኑን ደግሞ በተቃራኒው አደረግነው፣ ቺፑ ያለበት መቀየሪያ ኮምፒውተሩ ጋ ሆኖ የሚረዝመው የሲሪያሉ ገመድ ሆነ። ሲሪያል አሥራ አምስት ሜትር ድረስ ይችላል። በዚያው አበቃ። ድራይቨሬን ግማሽ ቀን ስወቅሰው ነበር።

ስለዚህ ቦታው ላይ ፈትኑ። ሥራ ላይ እያለ ንቀሉት፣ ያውም መረጃ እየተላለፈ። ድራይቨሩን ከዕቃው እያለያየ መልሶ የሚያገናኝ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉና ሁለት መቶ ጊዜ አስደግሙት። የሙከራ ከርነላችሁ ላይ ካሳን የሚባለውን የማህደረ ትውስታ ስህተት መርማሪ አብሩት፣ የተለቀቀ ማህደረ ትውስታ ስትነኩ ወዲያው ይጮኻል። ላፕቶፑን አስተኙት፣ ቀስቅሱት። የመብራት መጥፋቱን ፈተና ግን እኛ ጋ ማዘጋጀት አያስፈልግም፣ ራሱ ይመጣል። ሲመለስ ዕቃው ከኮምፒውተሩ ቀድሞ ይነሣል ወይስ ዘግይቶ? ሁለቱንም እዩ።

ሚዛን ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የሚዛን ማሳያዎች ከክብደቱ በፊት ኤስቲ ወይም ዩኤስ የሚል ምልክት ይልካሉ። ኤስቲ ማለት ረግቷል፣ ዩኤስ ማለት ገና እየተወዛወዘ ነው። ምልክቱን የማያይ ፕሮግራም ኩንታሉ ገና እየተጫነ ያለውን ቁጥር ይመዘግባል። ይህ የድራይቨር ስህተት አይደለም፣ ግን የሚጠየቀው ድራይቨሩን የጻፈው ነው።

8. ለአምራቹ እንዴት ይጻፋል፣ ኮዱስ የት ይሂድ

«አይሠራም» ብላችሁ አትጻፉ። አንድ ጥያቄ፣ በአንድ ቃል የሚመለስ። «በመነሻው ላይ ከዚህ ትእዛዝ በኋላ ስንት ሚሊሰከንድ ይጠበቃል?» ዓይነት። ኢሜይሉን መጀመሪያ የሚያነበው ደንበኛ ተቀባይ ነው፣ መሐንዲስ አይደለም። ጥያቄው አጭር ከሆነ ወደ መሐንዲሱ ያስተላልፈዋል። እኔም እንዲህ ከጻፍኩ በኋላ አንድ መልስ መጣልኝ፣ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ሰላምታ እንኳ የሌለው። በቂ ነበር።

የከርነል ድራይቨር ከጻፋችሁ ቤታችሁ አታስቀሩት። ቼክፓች በሚባለው ስክሪፕት ኮዱን አጽዱ። ጌት ሜንቴነር የሚባለው ለማን እንደሚላክ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ላይ ተግሣጽ ይበዛበታል፣ አይክፋችሁ። ኮዱ ከርነሉ ውስጥ ከገባ በኋላ የውስጡን አጠራር የሚቀይረው ሰው የእናንተንም አብሮ ይቀይረዋል። በየከርነሉ የምትጠግኑት መሆኑ ይቀራል።

በመጨረሻ መቀየሪያው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። መታወቂያ ቁጥሩን፣ የከርነሉን እትም፣ የተሠራበትን ቀን ጻፍኩበት። ሐጂ አዩትና ስክሪብቶውን ተቀብለው ከሥሩ በትልቁ ጨመሩበት፦ «እንዳይነቀል!»